ታደለ እንደ ተረጎመው

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ዮናስ ጓደኞቹን ሰብስቦ መጣና ሳሎን ውስጥ ፊልም ከፈቱ። እኔ ጓዳ ሆኜ ድንች እየላጥኩ ነበር። መጀመሪያ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው የልጆቹ ሳቅ ቤቱን ሞላው። ቢላዋውን እንደያዝኩ ብቅ ብዬ ባይ ቴሌቪዥኑ ደም በደም ሆኗል። ጭንብል ያጠለቀ ሰው ሌላውን በመጥረቢያ ያሳድዳል፤ የሚሸሸው ሰውዬ ደግሞ ሱሪው ወርዶ እየጠለፈው ይወድቃል፣ ይነሣል። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ።

"እማዬ፣ አትፍሪ፣ ቀልድ እኮ ነው" አለኝ ዮናስ። "ሁለተኛው ክፍል ነው። ከመጀመሪያው ይብሳል።"

እኔ ቴሌቪዥኑን አልነበረም የማየው። የማየው ልጆቹን ነበር። ሁሉም ይስቃሉ፤ አንዱ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠው፣ አይስቅም። ስልኩን አፍጥጦ እያየ ከንፈሩን ነክሷል። ከዚያ ቀና ብሎ ዮናስን አየት አደረገና መልሶ አንገቱን ደፋ። ወደ ጓዳ ተመልሼ ባሕር ዳር የምትማረው ልጄ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ጠዋት ተነጋገርን አይደል?" አለችኝ ትዕግሥት።

"ምንም አልሆንኩ። ምሳ በላሽ ወይ ልልሽ ነው።"

ደህና መሆኗን ካወቅሁ በኋላ ወጥቼ ያን ልጅ "ምን አገኘህ የኔ ልጅ? ክፉ ወሬ ሰማህ?" አልኩት። የሚደግፈው የኳስ ቡድን ተሸንፎ ኖሯል። ልጆቹ ከፊልሙ ይልቅ በእኔ ሳቁ።

ልጆቼ እናታችን ፍርሃት ታበዛለች ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሰርግ ቤትም ልሂድ፣ ማኅበርም ልቀመጥ፣ ዓይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው የማይስቀውን ሰው ነው። ጎረቤት ከወትሮው በላይ ደግ ከሆነልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጎህ ሲቀድ በር ከተንኳኳ እግሬ መሬት አይረግጥልኝም። ይህ አመል ከየት እንደ መጣብኝ ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም። የመጣው እንዲህ ካለ ፊልም ነው፤ እሱም ሁለተኛ ክፍል ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ቪዲዮ የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነበር። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ከሱቃቸው ጀርባ የበርበሬ መጋዘን ነበራቸው። በርበሬውን አስወጡና ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ አግዳሚ ወንበሮች ደረደሩ፤ ከውጭ ደግሞ ጄኔሬተር ተከሉ። የገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ያ ጄኔሬተር መንደቅደቅ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። በርበሬው ይውጣ እንጂ ሽታው ከግድግዳው አልወጣም ነበር። ሰው ሁሉ ፊልሙን የሚያየው እያስነጠሰና ዓይኑን እየጠረገ ነው። ከደጅ አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በጨውና በሚጥሚጣ ትሸጣለች። የጉና ተራራ ብርድ ሲነፍስ ያን ትኩስ ድንች በሁለት እጅ ይዞ መግባት ራሱ አንድ ደስታ ነበር።

ፊልሙን የሚተረጉመው ታደለ ነው። ታደለ የወንድሜ የአስማረ የልብ ጓደኛ ነበር። በልጅነቱ ታሞ አንድ እግሩ ስለ ቀጠነ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ዘጠነኛ ክፍል ደርሷል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፈረንጆቹ የሚሉትን ከጄኔሬተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ከሚሉት ምን ያህሉን እንደሚሰማ እግዜር ይወቅ። ግማሹ ከራሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሰው የሚመጣውም ለዚያ ነበር። ፈረንጇ ባሏን ስትቆጣ "አንተ የማትረባ፣ ዛሬም ጠላ ቤት አምሽተህ መጣህ?" ትላለች። ፖሊሱ መኪና ሲያስቆም "የቀበሌ መታወቂያህን አሳይ" ይላል።

እናቴ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት እንድትገባ አትፈቅድም ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ውስጥ እሷን ነበር የማግዘው። ፊልም የማውቀው አስማረ ማታ ማታ ሲነግረኝ ነው። እሱ ሲነግር አይቀንስም። ሰውዬው በር ከከፈተ የበሩን ሲጥ ማለት ሳይቀር ያሰማኛል። አንድ ጥቅምት ግን እናቴን እግሯ ሥር ወድቆ ለመናት። "ከጎኔ አትለይም፤ ዓይኗን በነጠላ እሸፍንላታለሁ" ብሎ ይዞኝ ገባ። ዓይኔን አልሸፈነውም።

ፊልሙ ስለ አንድ ወጥ ቤት ነበር። ነጭ ሽርጥ የታጠቀ ፈረንጅ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የሚሠራ፣ እንግዶቹን አንድ በአንድ በሥጋ መቁረጫ የሚገድል። የሚያስፈራ ነው እንዳልል፣ ሰውዬው ከመግደሉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ሽርጡን አስተካክሎ ያስራል፤ ጨው ቀምሶ ራሱን ይነቀንቃል። ደሙ ግን እንደ ቧንቧ ነው የሚረጨው።

ሕዝቡ ደግሞ ዝም ብሎ አያይም።

"ከኋላሽ! ከኋላሽ ነው ያለው!"

"ኧረ ይች ሴት ጆሮ የላትም እንዴ?"

"ታደለ፣ አንተ ንገራት እንጂ! ቋንቋዋን የምታውቅ አንተ!"

ከገጠር ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "በሥላሴ! በሥላሴ ብያለሁ!" እያሉ ዱላቸውን በሰውዬውና በልጅቷ መካከል ሰነዘሩ፤ ቴሌቪዥኑን ሊመቱት ለጥቂት። "ገላጋይ የሌለበት ምን አገር ነው?" ብለው አዝነው ተቀመጡ። ፊት ወንበር ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አያ ሞላ የሚባሉ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። እሳቸው የሚያዝኑት ለሟቹ አይደለም። "አጥንት ይመታል እንዴ? በመጋጠሚያው ነው እንጂ! ይህን ወጥ ቤት ብሎ የቀጠረው ማነው?" ይላሉ።

ሰው በሞተ ቁጥር ታደለ ምርኩዙን ከፍ አድርጎ "ነፍስ ይማር!" ይላል። መጋዘኑ በሙሉ "አሜን!" ብሎ ይቀበላል። ከዚያ ሳቅ ነው። የአስማረ ሳቅ ዘግይቶ የሚመጣ ዓይነት ነበር። መጀመሪያ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ እሱ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰው በእሱ ሳቅ እንደ ገና ይስቃል።

መጨረሻ ላይ ወጥ ቤቱ ሐይቅ ውስጥ ሰጠመ። ሁሉም ተገላገልን ሲል፣ ከውኃው ውስጥ ጭልፋ የያዘ እጅ ብቅ አለ። ታደለም "ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል!" ብሎ ጮኸ።

ወደ ቤት ስንሄድ የስንዴው ማሳ ገና አረንጓዴ ነበር። ድንቻችንን እየበላን "ወጥ ቤቱ አልሞተም ማለት ነው?" አልኩት።

"ምን ይሞታል! ሥራ አለበት" አለኝ። "ሁለተኛው ሲመጣ አብረን ነው የምናየው።"

ሁለተኛው ሳይመጣ የእሱ ስም ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። የሸኘነው መኪናው ከሚነሣበት ሜዳ ነው። እናቴ ከአንገቱ አልላቀቅ ብላ ሌሎች ሴቶች እየጎተቷት፣ እሱ በእሷ ትከሻ ላይ ወደ እኔ አየና ሊያስቀኝ ፈለገ መሰለኝ።

"ሁለተኛው ከመጣ አንች ግቢ። ስመለስ ትነግሪኛለሽ። እንዳትቀንሽ ብቻ።"

"ደሙንስ?" አልኩት እያለቀስኩ።

"ደሙን በተለይ። ቲማቲም እኮ ነው፤ ታደለን ጠይቂው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሰላምታ በመጠበቅ አለፈ። ከሰሜን የመጣ ወታደር ሲገኝ "አይቸዋለሁ፣ ደህና ነው" ይለናል። እናቴ ሰላምታ ያመጣላትን ሁሉ ጠላ ሳታቀምስ አትሰድም ነበር። እየቆየ ሰላምታውም ቀረ። በዓመቱ የእናቴ ጉልበት አልታዘዝ አላት። ሐሳብ ነው የጣላት ይላል ሰዉ። ሁዳዴ እንደ ገባ ወንዛዬ ወርዳ ፍል ውኃ እንድትነከር መከሯት። በሶዋን ቋጥራ፣ እኔን አጥር ለአጥር ለሚያዋስኑን ለእትዬ ጠጄ አደራ ሰጥታ ሄደች።

እሷ ወንዛዬ በሰነበተችበት ጊዜ አንድ ክንዱን ያጣ ወታደር በገሳይ በኩል ወደ አገሩ ያልፍ ነበር። ገሳይ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ውበቱ ይኖራሉ። ወታደሩ እሳቸውን ጠይቆ አገኛቸውና የአስማረን መሞት ነገራቸው። በቀረችው በአንድ እጁ አፈር እንዳለበሰውም ነገራቸው። አጎቴ ያኑ ቀን ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው ለሰፈሩ ሽማግሌዎችና ለነፍስ አባታችን አስታወቁ። ተመካከሩ። ፍል ውኃ ላይ ላለች ሴት መርዶ አይላክባትም፤ እስክትመለስ ይቆይ። ልጅቱም ብቻዋን አትሰማም፤ ከእናቷ ጋር ትሰማለች። የገሳይ ዘመድም እስኪሰበሰብ ጊዜ ያስፈልጋል። እስከዚያ ማንም ፊቱን እንዳያጠቁር ተባባሉ።

የእኛ አገር ወግ እንዲህ ነው። መርዶ የያዘ ጎረቤት መርዶውን በሆዱ ይዞ ይስቃል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት ሰው ሁሉ በድንገት ደግ መሆኑን ብቻ ነበር።

እትዬ ጠጄ ስልጆውንም፣ የሱፍ ፍትፍቱንም ፊቴ ይደረድሩልኛል።

"ብይ የኔ ልጅ፣ ብይ። አቅም ያስፈልግሻል።"

"ለምኑ እትዬ?"

"ለ… ለሥራው ነዋ።"

ወንዝ ስወርድ የሚያወሩት ሴቶች ዝም ይላሉ፤ ተራቸውን ለእኔ ይለቃሉ። አንድ ቀን አያ ሞላ መንገድ ላይ አገኙኝና እንስራውን ከጀርባዬ አውርደው ራሳቸው ተሸከሙት። ወንድ፣ ያውም ትልቅ ሰው፣ እንስራ ተሸክሞ በገበያ መካከል!

"ኧረ አያ ሞላ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል" አሉኝና በራችን ድረስ አደረሱልኝ። እኔ ሥጋ ቤታቸው በጾም ተዘግቶ ሥራ ቢፈቱ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ሁለተኛው ክፍል የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሹፌሮች ካሴቱን ይዘውት መጡ፤ የገበያው ቀን ሊታይ ነው ተባለ። እኔ ልቤ ቆመ። እትዬ ጠጄ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

"እናትሽ ብትሰማስ?"

"እናቴ ታውቃለች፤ አስማረ አዞኛል። ሲመለስ የምነግረው ምን ልይዝለት ነው?"

እትዬ ጠጄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ መሰለኝ። ሲመለሱ "እኔም አብሬሽ እገባለሁ" አሉ። በዕድሜያቸው ቪዲዮ ቤት ገብተው የማያውቁ፣ ያውም በሁዳዴ! እምቢ ቢሉኝ ለምን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከጠየቅሁ ደግሞ ፊታቸው ይነግረኛል። አሁን እናት ሆኜ ሳስበው ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ እንደ ነበር አላውቅም።

ደጁ ላይ ሰው ይጋፋል። አንዱ ረዳት "በጾም ይህን ሁሉ ደም ማየት አያስገድፍም?" ይላል፤ ጓደኛው "ካልበላኸው ምን አለበት!" ይለዋል። ታደለ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሲያየኝ ምርኩዙ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር።

"አንችም መጣሽ?"

"ምነው? አስማረ ሁለተኛው ከመጣ ግቢ ብሎኝ የለ! ሲመለስ እነግረዋለሁ። አሁን ደኅና አድርገህ ተርጉም፤ የቀነስከውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?"

በምርኩዙ እያነከሰ ወደ ጋሽ ሰይድ ሄደና "ጄኔሬተሩ ዛሬ ልክ አይደለም፣ ብናሳድረውስ?" አላቸው። ጋሽ ሰይድ "ምን ሆነ? አሁን…" ብለው ጀምረው እኔን አዩኝ። ወዲያው ወጥተው ጄኔሬተሩን አጠፉት። ፊት የተቀመጡት ሹፌሮችና ከጦር ሰፈር የመጡት ወታደሮች ግን አግዳሚውን በጫማቸው ይደበድቡት ጀመር። "ክፈት! ክፈት!" ለምን እንደማይከፈት ሊነገራቸው አይችልም፤ እኔ እዚያው አለሁ። እኔም እኮ ከእነሱ ጋር "ክፈት!" እላለሁ። ጄኔሬተሩ ተመልሶ ተነሣ።

ወጥ ቤቱ ከሐይቁ ወጣ። ሽርጡ ላይ የውኃ ሣር ተንጠልጥሏል፤ ከኪሱ ዓሣ አውጥቶ ጣለ። ሳቅን። ጀልባ ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ወጥ ቤቱ እጁን ታጠበ፣ ሽርጡን አሠረ፣ ከኋላው መጥቶ በሥጋ መቁረጫው መካከሉን አለው። ደሙ የጀልባውን ሸራ አቀላው። እኔ "አሜን" ልል አፌን ከፍቼ የታደለን "ነፍስ ይማር" ጠበቅሁ።

ታደለ ዝም አለ።

"ነፍስ ይማር በል እንጂ!" አለ አንዱ ሹፌር።

"አልሞተም" አለ ታደለ።

"ምን?"

"አልሞተም፣ ቆስሏል። ሐኪም ቤት ወሰዱት።"

"ሁለት ቦታ ሆኖ ምን ሐኪም ቤት!"

ያን ጊዜ አያ ሞላ ወደ ኋላ ሳይዞሩ "ይድናል" አሉ። "እኔ የሥጋ ነገር አውቃለሁ። አጥንቱን አልነካውም።"

እኔ ፈነዳሁ። ታደለ እንዲህ ያለ ቀልድ ያመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ለአስማረ የምነግረው አገኘሁ አልኩ በልቤ፤ እንዲህ አለ፣ አያ ሞላም እንዲህ አሉ፣ ብዬ በቃሌ አጠናሁት።

ቀጥሎ አንዲት ልጅ ተገደለች። የሆቴሉ ባለቤት የድስቱን ክዳን ሲከፍት ጭንቅላቷ ውስጡ ነው።

"ይችስ? ይችም ቆሰለች?" አለ ሹፌሩ።

"ይሰፋል" አለ ታደለ። ድምፁ ቀጥኗል። "ዘንድሮ ሕክምናው ተሻሽሏል። አልሞተችም። ማንም አልሞተም።"

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴ ሲሰማኝ ግን ደነገጥኩ፤ ከፊት ሹፌሮቹ ይስቃሉ፣ ከእኛ በኩል እኔ ብቻ ነኝ። ወደ ኋላ ዞር አልኩ። የቴሌቪዥኑ ብርሃን የጎረቤቶቻችንን ፊት አብርቶታል። ያ በመጀመሪያው ክፍል ጣራውን በሳቅ ያነሣው ሰው ሁሉ አንድም ጥርሱ አይታይም። ፊልሙንም አያዩም። የሚያዩት እኔን ነው።

ሴት ልጅ ድምፅዋን አውጥታ እንዲህ ትስቃለች እንዴ ብለው ታዘቡኝ ብዬ አፈርኩ። ነጠላዬን በአፌ ላይ አድርጌ በውስጡ ሳቅሁ።

እትዬ ጠጄ እጄን ይዘውኝ ነበር፤ ጨብጠው ጨብጠው ጣቴን አሳመሙት። ሳያቸው በእንባ ታጥበዋል።

"አይፍሩ እትዬ፣ ደሙ እኮ ቲማቲም ነው። አስማረ ነግሮኛል።"

"አውቃለሁ የኔ ዓለም።"

"ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?"

"በርበሬው ነው" አሉኝ።

እውነትም የበርበሬ መጋዘን ነው፤ አመንኳቸው።

ታደለ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ዘለቀ። ሰው ሲወድቅ "ደክሞት ነው" ይላል። ሲቆረጥ "ይሰፋል" ይላል። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ እነሱም ጨዋታ መስሏቸው ከእሱ ቀድመው "ቆስሏል! ቆስሏል!" እያሉ ይጮኹ ጀመር። መጨረሻው ላይ ጭጋግ የወረደበት ሜዳ ታየ፤ መስቀል የቆመባቸው መቃብሮች ነበሩ።

"የአትክልት ቦታ ነው" አለ ታደለ። "ሁሉም ድነው በየቤታቸው ገቡ። አለቀ።"

እናቴ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ከወንዛዬ ገባች። ፊቷ ጠርቷል፤ ጉልበቷም ተሽሏት በራሷ እግር ከመኪና ማቆሚያው መጥታለች። እንዳትቆጣኝ እየፈራሁ ፊልሙን ነገርኳት። የዓሣ አጥማጁን፣ የድስቱን፣ የአያ ሞላን ነገር። አልተቆጣችም። ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ሳቋ ከአስማረ ሳቅ ጋር አንድ ነበር፤ ዘግይቶ ይመጣል።

"እና ጭራሽ ሁሉም ዳኑ?" አለችኝ።

"ሁሉም ዳኑ።"

"እሰይ" አለች እናቴ። "ይህን ለአስማረ በደንብ ያዥለት።"

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። አጎቴ ውበቱ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው የነፍስ አባታችን፣ ከዚያ የገሳይ ዘመዶቻችን፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ። ማንም እንደምን አደራችሁ አላለም። አንድ በአንድ እየገቡ መደቡ ላይም መሬት ላይም ተቀመጡ። ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አያ ሞላ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ታደለ ግቢ ውስጥ፣ አጥሩ አጠገብ፣ ምርኩዙ ላይ ተጎንብሷል።

እነዚህን ፊቶች ትናንት አይቻቸዋለሁ። በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ሳይስቁ ያዩኝ ሰዎች ናቸው። አንድ ቃል ሳይወጣ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ፍትፍቱም፣ እንስራውም፣ በርበሬውም። እናቴ ግን ገና እንግዳ እንደ መጣባት "ምነው በደህና? ተቀመጡ እንጂ" እያለች በርጩማ ትፈልጋለች።

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እሱ ራሱ ወሰደ። የአስማረን ነፍስ ይማር" አሉ።

"አሜን" አለ ሕዝቡ።

ያን አሜን አወቅሁት። ድምፁ ያው የመጋዘኑ ድምፅ ነበር፤ ትናንት ጠብቄው የቀረብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን፣ የእናቴን ጩኸት፣ ደረቷን ስትደቃ የያዟትን እጆች፣ አልጽፈውም። ጥቁር የለበስንበት ጊዜ ነው። ጉልበቷ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ ወንዛዬም ደግማ አልሄደችም።

አርባው ካለፈ በኋላ ታደለ አንድ ጠዋት ደጃችን መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ገብስ እያበጠርኩ ነበር።

"ለምን እንዲያ አድርገህ ተረጎምከው?" አልኩት።

"እናትሽ ሳትመጣ እንዳትሰሚ ተብለናል። እንደ ወትሮው ልልም አስቤ ነበር። ግን አንች ፊቴ ተቀምጠሽ አፍሽን ከፍተሽ ስትጠብቂ 'ነፍስ ይማር' የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። አንዱን ካዳንኩ በኋላ ሌላውን ምን ብዬ ልግደል?"

"ሳቅሁብህ።"

"ሳቂ ብዬ ነው እኮ" አለና ምርኩዙን አንሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፊልም ሲተረጉም የሰማ የለም። ጋሽ ሰይድም ብዙ ሳይቆዩ መጋዘኑን ወደ በርበሬው መለሱት።

ለብዙ ዓመት ተናድጄባቸዋለሁ። ሰፈር ሙሉ ወንድሜን ሲያለቅስለት እኔን ብቻ ለብቻዬ አስቀምጠው አሳቁኝ እል ነበር። ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ግን ንዴቱ ሌላ ነገር ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ያን ከባድ ነገር በየሆዱ ተሸክሞ ፊቱን እያቀና ሰንብቷል። አስማረ ለእነሱ ሞቶ እያለ ለእኔና ለእናቴ ጥቂት ቀን ተጨማሪ ኖሯል። እናቴም በእነዚያ ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ስቃለች። ያን ሳቅ ከየት እናገኘው ነበር? ዋጋው ግን ይኸው እኔ ነኝ፤ የሰው ፊት ሳነብ የማድር ሴት ሆኜ ቀረሁ። ልጆቼ አምሽተው ሲስቁ ደስ ይለኛል፤ ዓይኔ ግን በመካከላቸው የማይስቀውን ከመፈለግ አያርፍም።

እሑድ ዕለት የዮናስ ጓደኞች ከሄዱ በኋላ የቀረውን ድንች ቀቅዬ በሚጥሚጣ አቀረብኩለት። እየበላ አየኝና "እማዬ፣ ቅድም ምን ሆነሽ ነው እንዲያ የደነገጥሽው?" አለኝ።

"እኔም በልጅነቴ አንድ እንዲህ ያለ ፊልም አይቻለሁ" አልኩት። "ሁለተኛ ክፍል።"

ዓይኑ ፈጠጠ። "አንች? ውሸት! በይ ንገሪኝ። ግን እንዳትቀንሽ።"

ይህን ቃል ማንም አላስተማረውም። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሐይቁ ጀመርኩ። የውኃ ሣሩን፣ ዓሣውን፣ ሽርጡን፣ የእጁን ሳሙና፣ የጀልባውን ሸራ፣ የድስቱን ክዳን፣ ለአስማረ ብዬ ያጠናሁትን ሁሉ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ያልነገርኩትን፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት። ዮናስ ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

"እና መጨረሻው ምን ሆነ? ስንቱ ሞተ?" አለኝ እንባውን እየጠረገ።

"ማንም አልሞተም" አልኩት። "ሁሉም ድነው በየቤታቸው ገቡ።"